ከወለሉ ሥር ያለው ውሃ

(የመግቢያ ሙዚቃ፤ ቀስ እያለ ይጠፋል)

ዛሬ የምወስዳችሁ ደቡብ እንግሊዝ ውስጥ ወዳለችው ወደ ዊንቸስተር ነው። ከለንደን ዋተርሉ ጣቢያ በባቡር አንድ ሰዓት ግድም ትርቃለች፤ ጠዋት ሄዶ ማታ መመለስ ይቻላል። የምንሄደው ደግሞ በክረምት ነው።

«ክረምት» ስል ግን ከመነሳታችን በፊት እንግባባ። እኛ ክረምት የምንለው ከሰኔ እስከ መስከረም ያለውን፣ ጭቃና ጎርፍ የበዛበትን ወቅት ነው። የእንግሊዞቹ የሚገባው እኛ ዘንድ በጋው ሲጠና፣ በታኅሣሥና በጥር ነው። ሌሊቱ ይረዝማል፣ ዛፉ ቅጠሉን ያራግፋል፣ ፀሐይዋ በእኛ ሰዓት አቆጣጠር አስር ሰዓት ገና አለፍ ከማለቱ ትጠልቃለች። ሰው ሁሉ ለጉብኝት ሞቃቱን ጊዜ ይመርጣል፤ አይፈረድበትም። የዊንቸስተርን ካቴድራል ማየት የሚገባው ግን በብርዱ ወራት ነው ባይ ነኝ። በሌላው ጊዜ የሚሸሽገው ነገር አለ፤ በክረምት ያወጣዋል።

ዓመተ ምሕረቱን ሁሉ የምጠራው በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑን ከወዲሁ ያዙልኝ።

የሄድኩት ብቻዬን አልነበረም። ጥምቀትን ለንደን ባከበርን በሳምንቱ፣ ከአዲስ አበባ ሊጠይቁኝ ከመጡት አክስቴ ጋር ነው። ከሰባ ዓመት በላይ ናቸው፤ ጉልበታቸው ግን ከእኔ ይበልጣል። በባቡሩ መስኮት ሜዳው ሁሉ አመዳይ ለብሶ ሲያዩ «አቤት አምላኬ፣ ጨው የተነሰነሰበት ይመስላል» አሉ። ከዚያ ነጠላቸውን በካፖርታቸው ላይ ደርበው ዝም ብለው ወደ ውጭ መመልከት ቀጠሉ።

ከጣቢያው ወጥቶ ቁልቁል ወደ መሐል ከተማ ሲኬድ መጀመሪያ የሚገኘው ታላቁ አዳራሽ የሚባለው ነው። በ1222 እና በ1235 መካከል በንጉሥ ሄንሪ ሣልሳዊ ጊዜ የተሠራ፣ ከድሮው ቤተ መንግሥት የተረፈ ሰፊ የድንጋይ አዳራሽ ነው። እዚያ ግድግዳው ላይ አምስት ሜትር ተኩል ወርድ ያለው፣ ከአንድ ቶን በላይ የሚከብድ ግዙፍ ክብ ጠረጴዛ ተሰቅሏል። የንጉሥ አርተርና የፈረሰኞቹ ማዕድ ነው እየተባለ ለዘመናት ተወርቶለታል። አክስቴ አንገታቸውን ቀና አድርገው አዩና «መሶቡን እንደ ሰፌድ ግድግዳ ላይ ሰቀሉት?» አሉኝ። እውነትም ከታች ሆነው ሲያዩት፣ አረንጓዴና ነጭ ቀለሙ ተራ በተራ ከመሐል ወደ ዳር ስለሚወጣ፣ ስፌት ይመስላል።

አርተር የሚባል ንጉሥ ኖሮ ከሆነ የኖረው በአምስተኛው ወይም በስድስተኛው መቶ ዘመን ነው። እንጨቱ ሲመረመር ግን ጠረጴዛው የተሠራው በ1200ዎቹ መጨረሻ፣ በንጉሥ ኤድዋርድ ቀዳማዊ ጊዜ ሆኖ ተገኘ። ቀለሙን ያስቀባው ደግሞ ከዚያም በኋላ የመጣው ሄንሪ ስምንተኛ ነው። በ1522 ንጉሠ ነገሥት ካርል አምስተኛ በእንግድነት ሲመጡ «የዘር ሐረጋችን ከአርተር ይመዘዛል» ለማለት ሳይጠቅመው አልቀረም። ጠረጴዛው ያምራል። እኔ ግን እዚያ ብዙ አልቆየሁም፤ ነገሥታቱ ስለ ራሳቸው ያሉትን ለመስማት አልነበረም አመጣጤ።

ከአዳራሹ ወርደን፣ በገበያው መንገድ አልፈን፣ በአንዲት ጠባብ መተላለፊያ ስንወጣ ካቴድራሉ ፊት ለፊት ተዘረጋ። ተዘረጋ ያልኩት አውቄ ነው። ሰማይ የሚወጋ ማማ የለውም፤ ማማው አጭርና ደንዳና ነው። ርዝመቱ ግን 170 ሜትር ገደማ ነው፤ በመካከለኛው ዘመን ተሠርተው ዛሬም ከቆሙት የአውሮፓ ካቴድራሎች በርዝመቱ የሚተካከለው የለም። ሣር ላይ የተኛ ትልቅ በሬ ይመስላል።

በሩ ላይ ሁለት ነገር ሆነ። አንደኛ፣ አክስቴ ለመግቢያ ገንዘብ መከፈሉን ሲያዩ ደነገጡ። «ቤተ ክርስቲያን ለመግባት?» አሉ። እንዲህ ያለውን አሮጌ ሕንፃ ማደስ ብዙ ገንዘብ እንደሚበላ፣ ለጸሎት ለሚመጣ ሰው ግን ክፍያ እንደሌለ አስረዳኋቸው። ሁለተኛ፣ ገንዘቡን ከፍዬ ዞር ስል የሉም። ከደጁ ምሰሶ አጠገብ ጎንበስ ብለው የጫማቸውን ማሰሪያ እየፈቱ አገኘኋቸው። «እዚህ ጫማ አይወለቅም አክስቴ፣ ደግሞ ድንጋዩ በረዶ ነው» ብላቸው፣ ቀና ብለው «ድንጋዩ ቢበርድስ፣ የሱ ቤት አይደለም?» አሉኝ። በብዙ ልመና መልሰው አሰሩ፤ ነገር ግን ቀኑን ሙሉ በጣታቸው ጫፍ የሚራመዱ ይመስሉ ነበር።

በቀጥታ የወሰድኳቸው ወደ ምድር ቤቱ ነው። ከዋናው ወለል ዝቅ ብሎ፣ ጠባብ ደረጃ ተወርዶ የሚደረስበት፣ በአጫጭር ዓምዶችና በቅስት ጣራ የተሠራ ክፍል ነው። ከባሕር ማዶ መጥተው እንግሊዝን የያዙት፣ ከ1079 ጀምሮም ካቴድራሉን የገነቡት ኖርማኖች ያቆሙት ሲሆን ከሕንፃው ሁሉ አሮጌው ክፍል ነው። በክረምት ከመመልከቻው መድረክ አልፎ መሄድ አይቻልም፤ ውሃ አለ። ወለሉ በሙሉ ውሃ ነው። ዝም ያለ፣ ጥርት ያለ፣ ቅስቶቹን እንደ መስታወት ገልብጦ የሚያሳይ ውሃ።

ከውሃው መሐል አንድ ሰው ቆሟል። ራቁቱን ነው፤ ጭንቅላቱን ደፍቶ፣ ሁለት እጁን እፍኝ አድርጎ መዳፉን ያያል። አንተኒ ጎርምሊ የሚባለው እንግሊዛዊ ቀራፂ የራሱን ገላ ቅርጽ ወስዶ በ1986 በእርሳስ ብረት የሠራው ሐውልት ነው። የዚያን ቀን ውሃው ጉልበቱ ድረስ ደርሶ ነበር። ጥላው ከሥሩ በግልባጩ ስለሚታይ፣ ሁለት ሰዎች በእግራቸው የተጣበቁ ይመስላል። በሞቃቱ ወራት ብትመጡ ይህ ሐውልት ደረቅ ወለል ላይ የቆመ የእርሳስ ሰው ብቻ ነው።

አክስቴ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ጸበል ነው?» አሉኝ።

ጥያቄው አላሳቀኝም። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ፣ ያውም ከመቅደሱ ሥር ውሃ ያየ ኢትዮጵያዊ ሌላ ምን ይጠይቃል? ቤቱ ውስጥ ጥንታዊ የውሃ ጉድጓድ መኖሩም የእሳቸውን ግምት የሚያግዝ ነው። እውነቱ ግን ከመሬቱ ጠባይ የሚመጣ ነው፤ ነገሩ ሁሉ የሚጀምረው ከዚህ ስለሆነ ትንሽ ላስረዳ።

ዊንቸስተር የተቆረቆረችው ኢቺን በሚባል ወንዝ ዳር፣ ሸለቆ ውስጥ ነው። በዙሪያዋ ያሉት ኮረብቶች ጠመኔ ናቸው፤ አዎ፣ አስተማሪ ሰሌዳ ላይ የሚጽፍበትን የመሰለ ነጭ ለስላሳ ድንጋይ። ጠመኔ ውሃ ይመጥጣል። በሞቃቱ ወራት የሚዘንበውን ዝናብ ዛፉና ሣሩ ይጠጡታል፣ ፀሐይም ታተነዋለች፤ ወደ ጥልቁ የሚወርደው ጥቂት ነው። ከጥቅምት በኋላ ግን ተክሉ ሁሉ ሲያንቀላፋ ዝናቡ ቀስ እያለ በጠመኔው ውስጥ ይሰርጋል፣ ይጠራቀማል፣ ከርሰ ምድሩ ይሞላል። ሲሞላ ደግሞ ሸለቆው ውስጥ ወደ ላይ ብቅ ይላል። ካቴድራሉ የቆመው ሸለቆው ወለል ላይ ነው፤ ምድር ቤቱ ደግሞ ከዚያም ዝቅ ብሎ። ውሃው በበር አይገባም፤ ከታች ነው የሚነሳው። ስለዚህ አክስቴ «ታዲያ ፈለቀ በለኛ!» ሲሉ ልከራከራቸው አልቻልኩም።

እዚያ መሬት ላይ ይህን የሚያህል ሕንፃ ማቆም ድፍረት ነበር። ያሠራው ኖርማናዊው ጳጳስ ዎልክሊን ነው። ስለ እሱ በጥንት ዜና መዋዕል የተጻፈ አንድ ታሪክ አለ። ለጣራው እንጨት ቸግሮት ንጉሡን ድል አድራጊውን ዊልያምን ለመነ። ንጉሡም ከአንድ ጫካው ውስጥ «በአራት ቀንና በአራት ሌሊት መቁረጥ የቻልከውን ያህል ውሰድ» አለው። ጳጳሱ የሀገሩን አናጢ ሁሉ አሰባሰበና በአራቱ ቀን ጫካውን ድራሹን አጠፋው። ንጉሡ በዚያ ሲያልፍ «ዓይኔ ነው ወይስ እዚህ ደን ነበረኝ?» ብሎ በቁጣ ነደደ ይላል ታሪኩ። ጳጳሱም አሮጌ ካባ ለብሶ እግሩ ላይ ወድቆ ይቅርታ አገኘ። ቃል በቃል እንዲህ ሆኖ ይሁን አይሁን፣ አንድ ደን ሙሉ እላይ ጣራው ውስጥ አለ ተብሎ ይነገራል።

በ1107 ደግሞ የመጀመሪያው ማማ ተደረመሰ። ሰዉ ምክንያቱን ያገኘው ወዲያው ነው። ከማማው ሥር የተቀበረው፣ ከሰባት ዓመት በፊት አደን ላይ ሳለ በቀስት የተገደለው ንጉሥ ዊልያም ሩፈስ ነበር፤ ቤተ ክርስቲያንን ያስመረረ ሰው ስለነበር «ኃጢአቱ ነው ያፈረሰው» ተባለ። መሬቱን የጠረጠረ የነበረ አይመስልም።

ውሃና ይህች ከተማ አይለያዩም። የከተማዋ ጠባቂ ቅዱስ ስዊዘን የሚባለው በ800ዎቹ የነበረ ጳጳስ ነው። ሲሞት «ደጅ ቅበሩኝ፤ ዝናብ ይዝነብብኝ፣ መንገደኛ ይርገጠኝ» ብሎ ተናዘዘ ይባላል። በ971 ግን አፅሙን አክብረው ወደ ያኔው ቤተ ክርስቲያን ውስጥ አስገቡት፤ ቀኑ በእነሱ ጁላይ 15፣ በእኛ ሐምሌ 8 መሆኑ ነው። እስከ ዛሬ እንግሊዝ ውስጥ «በስዊዘን ቀን ከዘነበ አርባ ቀን ይዘንባል» የሚል አባባል አለ። የአየር ጠባይ መዝገብ ሲታይ አባባሉ አይሠራም። እንግሊዞቹ ግን ያን ቀን ሰማዩን ቀና ብለው ማየታቸውን አልተዉም።

አሁን ወደ ዋናው ሰው ልምጣ።

በ1905 ካቴድራሉ መስመጥ ጀምሮ ነበር። ግድግዳው ተሰንጥቋል፣ ቱንቢ ሲጣልበት ወደ ውጭ መዝመሙ ይታያል፣ ከላይ የድንጋይ ፍርካሽ ይወድቃል። የከፋው በምሥራቅ በኩል፣ በ1200ዎቹ መጀመሪያ የተጨመረው ክፍል ነው። መሐንዲሶች ሥሩን ሲቆፍሩ ያገኙት ጉድ የሚያሰኝ ነበር፤ የጥንቶቹ ግንበኞች ጠንካራ መሬት ማግኘት ቢያቅታቸው የዛፍ ግንድ አጋድመው፣ ያን ሁሉ ድንጋይ እንደ ታንኳ በግንዱ ላይ ጭነውታል። ከግንዱ በታች ያለው ለዘመናት የበሰበሰ ተክል የተጠራቀመበት ጥቁር ረግረግ ነው፤ ጫና ሲበዛበት እንደ ስፖንጅ ይጠቀጠቃል። ከረግረጉ በታች፣ ስድስት ሜትር ያህል ጠልቆ ደህና ጠጠር አለ። መፍትሔው እንግዲህ በወሬ ደረጃ ቀላል ነው፤ ከግድግዳው ሥር ጥቂት ጥቂቱን እየቆፈሩ ረግረጉን ማውጣትና ከጠጠሩ ጀምሮ አዲስ መሠረት መገንባት።

ጉድጓዱ ግን ገና ሳይጠልቅ በውሃ ይሞላል። ውሃውን በፓምፕ እየሳቡ እንዳይሠሩ፣ ፓምፑ ከውሃው ጋር ደቃቁን አፈር አብሮ ይስባል፤ አፈሩ ሲሸሽ ግድግዳው ይከተላል። ባለሙያዎቹ ጨነቃቸው። በመጨረሻ ፍራንሲስ ፎክስ የተባለው መሐንዲስ «ውሃውን እዚያው እንተወውና ሰው እናስገባ» አለ።

የገባው ሰው ዊልያም ዎከር ይባላል። ወደብና መርከብ ላይ የሠራ፣ ልምድ ያለው ጠላቂ ነው። በ1906 ጀመረ፤ በ1911 ጨረሰ። በቀን ስድስት ሰዓት ያህል ውሃ ውስጥ ይውላል። ልብሱ ከነብረት ቆቡና ከነእርሳስ ጫማው 90 ኪሎ ገደማ ይመዝናል፤ ብቻውን ሊለብሰው አይችልም። ከላይ ያሉት ረዳቶች በእጅ ፓምፕ አየር ይልኩለታል። ከታች ያለው ውሃ በረግረጉ ጭቃ ጥቀርሻ መስሏል፤ መብራት ቢይዝም አይጠቅመውም። ስለዚህ ስድስቱንም ሰዓት የሚሠራው በዳሰሳ ነው። ከራሱ በላይ ደግሞ በብዙ ሺህ ቶን የሚቆጠር ድንጋይ አለ፤ ዙሪያው የጥንት መቃብር ነው።

ሥራው ይህ ነበር፦ ረግረጉን እየዛቀ ያወጣል፤ ጠጠሩ ሲገኝ ኮንክሪት የተሞላ ከረጢት ከላይ ይወርድለታል፤ እያንዳንዱን በእጁ ዳስሶ፣ አንዱን ከአንዱ አጠጋግቶ ይደረድራል፤ ከረጢቱን ቀዶ እርስ በርሱ እንዲያያዝ ያደርጋል። ኮንክሪቱ ደርቆ የጉድጓዱን ወለል ሲደፍነው ውሃው ከታች መምጣቱን ያቆማል። ያን ጊዜ ፓምፑ ይገባል፤ ግንበኞቹ ወርደው ጡባቸውን ይገነባሉ። ከዚያ ወደሚቀጥለው ጉድጓድ። እንዲህ እያሉ 235 ጉድጓድ ቆፈሩ። 25,800 ከረጢት ኮንክሪት፣ 114,900 የኮንክሪት ብሎኬት፣ 900,000 ጡብ ገባበት። ግንበኞቹና ቆፋሪዎቹ ብዙ ነበሩ፤ ውሃ ውስጥ ያን የሚያህል ዘመን የሰነበተው ግን እሱ ነው።

ለምሳ ሲወጣ የብረት ቆቡን ብቻ ያወልቅና ፒፓውን ለኩሶ ያጨስ ነበር። ሌላውን አውልቆ እንደገና መልበስ ጊዜ ይበላል። ቅዳሜና እሑድ ደግሞ ለንደን ወዳለው ቤተሰቡ 110 ኪሎ ሜትር ያህል በብስክሌት ይሄድ ነበር ይባላል። ከነገርኳቸው ሁሉ አክስቴ ያላመኑኝ ይህን ነው። «ውሃ ውስጥ ውሎ? በብስክሌት? ውሸት አታስተምር!»

ጁላይ 15 ቀን 1912፣ አዎ፣ በዚያው በስዊዘን ቀን፣ የምስጋና ጸሎት ተደረገ። ንጉሥ ጆርጅ አምስተኛና ንግሥት ሜሪ መጡ። ዎከርም ከንጉሡ ኒሻን ተሰጠው። ከስድስት ዓመት በኋላ ግን፣ በ1918 መጨረሻ፣ ዓለምን ባጠቃው የኢንፍሉዌንዛ ወረርሽኝ ሞተ፤ እኛ «የኅዳር በሽታ» ብለን የምናስታውሰው ማለት ነው። ስድስት ሜትር ውሃ ያልገደለውን ሰው ትንፋሽ ገደለው።

ታሪኩ እዚህ ላይ ያልቅ ይመስላል፤ አላለቀም። በ1960ዎቹ ካቴድራሉ ውስጥ ትንሽ የመታሰቢያ ሐውልት ተሠራለት። ቀራፂው እንዲሠራ የተሰጠው ፎቶግራፍ ላይ ግን ብዙ ሰዎች ነበሩና ሰው ተሳሳተ። የጠላቂ ልብስ ለብሶ የቆመው ሐውልት ፊቱ የመሐንዲሱ የፍራንሲስ ፎክስ ሆኖ ተገኘ! ተስተካክሎ የዎከርን ፊት የያዘ ሐውልት የቆመው በ2001 ነው። በጨለማ የሠራ ሰው፣ ሐውልት ቆሞለትም ፊቱ ሌላ ሰው ሆኖ አርባ ዓመት ገደማ ቆየ። አሁን ያለው ከክንድ ብዙ የማይበልጥ ነሐስ ነው፤ ቆቡን በእጁ ይዟል። አክስቴ የነጠላቸውን ጫፍ ይዘው ፊቱን አበሱለት። አቧራ አልነበረውም።

(የካቴድራል ደወል ድምፅ፤ ለአጭር ጊዜ)

ከላይኛው ክፍል ሁለት ነገር ብቻ ላንሳ። ከመቅደሱ ግራና ቀኝ ባለው ከፍ ያለ ግንብ ላይ ስድስት የተቀቡ ሣጥኖች ተቀምጠዋል፤ ከኖርማኖች በፊት የነበሩ ነገሥታትና ጳጳሳት አፅም ነው ያለባቸው። በታኅሣሥ 1642፣ በእንግሊዞቹ የእርስ በርስ ጦርነት ጊዜ፣ የፓርላማው ወታደሮች ካቴድራሉን ዘርፈው፣ ከሣጥኖቹ አጥንቱን እያወጡ በትልቁ የምዕራብ መስኮት ባለቀለም መስታወት ላይ ወረወሩት። የንጉሥ ጭን አጥንት መስኮት መስበሪያ ሆነ። ነዋሪው ስብርባሪውን ለቃቅሞ ደበቀ። ከ1660 በኋላ፣ ንጉሣዊው አገዛዝ ሲመለስ፣ መስኮቱን መልሰው ገጠሙት፤ የቀድሞውን ሥዕል ግን ማንም ሊመልሰው አልቻለም። ዛሬ ቀና ብላችሁ ስታዩ አንድም ሙሉ ምስል የለበትም፤ እዚህ ጋ ግማሽ ፊት፣ እዚያ ጋ እጅ፣ ቀጥሎ የልብስ ጥብጣብ። በክረምት ፀሐይዋ ዝቅ ብላ ስለምትሄድ ከሰዓት በኋላ ብርሃኑ በዚያ ገብቶ ምሰሶዎቹ ላይ ያርፋል። እኔ ከብዙ ሙሉ ሥዕል ይልቅ ይህ ስብርባሪ ይበልጥብኛል።

አጥንቶቹም ተቀላቅለው ወደ ሣጥኑ ተመለሱ። በቅርብ ዓመታት ተመራማሪዎች ከ1,300 በላይ አጥንት ለይተው ሲመረምሩ ቢያንስ የ23 ሰዎች ሆኖ አገኙት። አንዲት ሴትም አለችበት፤ የሁለት ነገሥታት ሚስት የነበረችው ንግሥት ኤማ ሳትሆን አትቀርም የሚል ግምት አላቸው።

ሁለተኛው የጄን ኦስተን መቃብር ነው። ደራሲዋ ታማ ለሕክምና ወደዚህ ከተማ መጥታ በ1817 በ41 ዓመቷ አረፈች። ከመቃብሯ ላይ ያለው ጽሑፍ ደግነቷንና ሃይማኖቷን ያወድሳል፤ መጽሐፍ መጻፏን ግን አንድ ቃል አያነሳም። ያን የሚናገር ሰሌዳ ግድግዳው ላይ የተጨመረው በ1872 ነው። ከመሞቷ ሦስት ቀን በፊት፣ በጁላይ 15፣ ግጥም አስጽፋለች፤ ስለ ምን መሰላችሁ? ስለ ቅዱስ ስዊዘንና ስለ ዝናቡ፤ ያውም የሚያስቅ።

ፀሐይዋ ሳትጠልቅ ለመድረስ ከካቴድራሉ ወጥተን በደቡብ በኩል ወንዙን ተከትለን ሄድን። ኢቺን የጠመኔ ወንዝ ስለሆነ ውሃው ጠጠሩን እያሳየ የሚሄድ ነው፤ አረንጓዴው የውሃ ሣር በዚያ ብርድ እንኳ ከታች ይወዛወዛል። በረግረግ ሜዳው መሐል አንድ ማይል ያህል፣ የሠላሳ ደቂቃ መንገድ ነው፤ ጭቃ ስላለው ጥሩ ጫማ ያስፈልጋል። መጨረሻው ሴንት ክሮስ የሚባለው የመጦሪያ ቤት ነው።

ይህን ቤት በ1130ዎቹ ያቋቋመው ጳጳስ ሄንሪ ዘብሎዋ ነው። ሥራ መሥራት የተሳናቸው አሥራ ሦስት ድሆች እንዲጦሩበት፣ በየቀኑም መቶ ድሃ በሩ ላይ እንዲበላ ደነገገ። ዛሬም አረጋውያን ይኖሩበታል፤ ገሚሱ ጥቁር ገሚሱ ቀይ ካባ ይለብሳሉ፤ ጥቁር የለበሱት ደረታቸው ላይ የብር መስቀል አለ። እስካሁን ያልተቋረጠ አንድ ልማድም አላቸው፦ ማንም መንገደኛ በሩ ላይ ቆሞ ከጠየቀ ቁራሽ ዳቦና ጥቂት ቢራ ይሰጠዋል። መጠየቅ ግን አለበት፤ ካልጠየቀ አይሰጠውም። በክረምት በጊዜ ስለሚዘጉ ከዘጠኝ ሰዓት በፊት መድረስ ይሻላል።

አክስቴ ልማዱን ሳስረዳቸው «የእግዜር እንግዳ በለኛ!» አሉና ወደ በረኛው መስኮት ራሳቸው ሄዱ። እንግሊዝኛ አያውቁም። እጃቸውን ዘርግተው በአማርኛ «የእግዜር እንግዳ ነኝ» አሉ። በረኛው ለአፍታ አያቸው፤ ከዚያ ፈገግ ብሎ በትንሽ ሳህን አንድ ቁራሽ ነጭ ዳቦ፣ በትንሽ ዋንጫ ቢራ አቀረበላቸው። ቢራውን ቀመሱና ጌሾ እንዳነሰው ፈረዱ። ዳቦውን ግማሹን በሉ፤ ግማሹን በሶፍት ጠቅልለው ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱት።

ስንመለስ ጨልሟል። ካቴድራሉ ውስጥ የሠርክ ጸሎት ሲጀመር ደረስን። ለዚህ የሚከፈል የለም፤ በዕለቱ መዘምራኑ አጠገብ ባለው በተቀረፀው የእንጨት መቀመጫ ላይ እንድንቀመጥ ተደረገ። ልጆችና ጎልማሶች ያለ አንዳች ማጉያ ይዘምራሉ፤ ድምፁ ሄዶ ሄዶ ከዚያ ረጅም ጣራ ላይ ይቀመጣል። አክስቴ አንድም ቃል ሳይሰሙ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ቆመው ነበር፤ ሌላው ተቀምጧል። ዘወር ብሎ ያያቸው የለም።

ባቡሩ ውስጥ ይሞቅ ነበር። አክስቴ ካፖርታቸውን ፈታ አደረጉ፣ ሶፍቱን ገለጡና ቁራሹን ዳቦ ለሁለት ቆርሰው ድርሻዬን ሰጡኝ። ትንሽ ቆይተው ደግሞ፦

«ያ ውሃ ውስጥ የገባው ሰውዬ ስሙ ማን ነበር ያልከኝ?»

«ዊልያም ዎከር።»

«የክርስትና ስሙን ነው የምጠይቅህ ልጄ። ስመለስ ለቅዳሴ ስም አስይዛለሁ፤ ለሱም ላስይዝለት።»

«እሱው ዊልያም ሳይሆን አይቀርም አክስቴ።»

«ዊልያም» አሉ፤ ደገሙት፣ «ዊልያም፣ ዊልያም»። ለንደን እስክንገባ ድረስ እንዳይጠፋባቸው ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ ሄዱ።

(የመዝጊያ ሙዚቃ)